የአገልግሎት ዘመን

በመስኮቴ ጣና፥ እንቦጩ፥ ታንኳው፥ የዘጌ ደን ማዶ፤
ከፊቴ የጡረታ ፎርም፥ በከሰዓት ሙቀት ከብዶ።

"ስም?" አልኩት።
"አንሙት።"
ቀና ብዬ አየሁት፤ ስም ነው ወይስ ጸሎት?
"አንሙት ይስማው" አለ፥ ጉሮሮውን ጠርጎ፥
ያረጀ ቆቡን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ።

"የአገልግሎት ዘመን?"
"የኔ ነው የሷ?"
"የማን እሷ?"
"የመርከቢቱ። መዝገብ የገባነው ባንድ ቀን ነው፥ እኔና እሷ።"

ፊቷ አፍ ነበረው፥ እንደ ጉማሬ የሚከፈት፤
አሸዋ ላይ ትተኛና ታንክ ትተፋለች፥
ስድስት ባንድ ጉዞ፥ ናፍጣ እንደጠጡ።
ከምጽዋ ዳህላክ፥ ከዳህላክ አሰብ።
ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ማዕበል አትሰነጥቅም፥ በጥፊ ትመታዋለች እንጂ፤
የደጋ ልጆች ወለሉ ላይ ተዘርረው
"ይኼ ውኃ ከጣና ይበልጣል?" ይሉታል፥ እያስመለሳቸው።
"ራሱ ጣና ነው፥ ጨው የገባበት፤
ተኙ" ይላቸዋል።

ሰባ ሁለት፥ ሞተሯ ተለወጠ።
ሰባ አምስት፥ ቀኝ ጎኗ ተበሳ፤
በሬንጅ በርሜል ክዳን ለጠፏት፥ እሱ ሳይደርቅ ተመለሰች።
ሰባ ሰባት፥ ታንኩን አውርዳ ስንዴ ጫነች፤
"ያን ዓመት ብቻ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ በሆዷ።"
ሰማንያ ሁለት።

ዝም አለ።
ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤
የመቀርቀሪያ ካስማ፥ አውራ ጣት የሚያክል፥
ዝገቱ መሐረቡን ያቀለመ።

"ያን ሌሊት ሰው ነው የጫንነው፤
ቁስለኛ፥ ሕፃናት፥ የስፌት መኪናውን ያቀፈ አንድ ልብስ ሰፊ።
ውኃው ወገባቸው ደርሶ፥ ገና ይመጣሉ።
'ዝጋ!' አለ አዛዡ።
አፏን ሰቅዬ ይኼን ካስማ የመታሁት እኔ ነኝ።
ይኼን የት ትጽፈዋለህ?"

ፎርሙን ገለበጥኩት።
"ልዩ ሙያ" የሚል አለው፥ "የዲሲፕሊን ቅጣት" የሚል አለው።
"መርከቢቱስ?" አልኩ፥ ሌላ የምለው አጥቼ።
"ባሕሩን አሻገረችንና እዚያው ቀረች።
በኪሎ ሸጧት አሉ። ምስማር ሆና ይሆናላ፤
ማን ያውቃል፥ የዚህ ወንበር።"

"ማስረጃ?" አልኩት፥ ልማድ ሆኖብኝ።
ካስማውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ወጣ።

እሑድ በጧት የጎርጎራው ጀልባ ላይ ተሳፈርኩ።
ይኼ ጀልባ ሁሌ ይዘገያል፤
ሁለት ጊዜ አቤቱታ የጻፍኩበት እኔ ነኝ።
ለካ የመወጣጫው ሳንቃ ራስ ላይ የሚቆመው እሱ ኖሯል፥
አንድ እግሩ ከሳንቃው፥ አንድ እግሩ ከምድር።
ጡሩንባው ተነፋ፥ ደግሞ ተነፋ፤
የሽንኩርት ነጋዴዎች አጉረመረሙ፥
ከታች የታሰረ ወይፈን አገሳ።
"ሳንቃውን አንሳ እንጂ ሰውዬ!" አለ ሹፌሩ።

ካስማው ኪሴ ውስጥ ነበር። ልመልስለት አምጥቼው
እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አንሙት መንገዱን እያየ
"ቆይ" አለ፥ "ገና አንድ ሰው አለ።"

ዞር ብዬ አየሁ።
መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ጠበቅን።