ጓጉንቸር

ከካልጉርሊ ማዶ፣ ቀይ አቧራ በዋጠው መጋዘን፣
ዴዝመንድ ዘብ ነው፤ ሃያ ዓመት ጠበቀ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን።
በየክዳኑ ተጽፏል፣ ከስንት ሜትር እንደወጣ፤
ዩራንየሙ ግን እዚያው ነው፤ ምርጫ ሄደ፣ ምርጫ መጣ።

አንዱ ፓርቲ ሲያሸንፍ፣ ባለከረባት ከፐርዝ ይጎርፋል፤
ሣጥን ይከፈታል፣ አክሲዮኑ በአንድ ጀንበር ይከንፋል።
ሌላው ሲገባ፣ አንዲት ደብዳቤ፦ «ለጊዜው ቆሟል።»
ለጊዜው፣ አራት ዓመት። የጎማቸውን ዱካ ነፋስ ጠርጎታል።

ማይራ፣ ምድሩ የአባቶቿ፣ ድምፅ ሰጥታ ስትመለስ፣
«ለማን ሰጠህ?» አለችው።
«ለደሞዜ።»
«እኔ ለእንቅልፉ፤ እንዳይቀሰቀስ።»

ዛሬ ማታ ቆጠራ ነው። ሬዲዮው ይንኳኳል፣ ይጠፋል።
ዴዝመንድ ጓጉንቸሩን ዘይት ይቀባል፤
ለመክፈትም ይሁን ለመዝጋት።
ዝገት ድምፅ አይሰጥም፤
ዝም ብሎ ይበላል።