የሚያጉረመርም ካርቶን

ባሌ ወንዳፍራሽ ደብዳቤ አያምንም፤
ፖስታ ሲመጣለት በእጁ አይከፍትም፤
መጀመሪያ ያሸታል፣ ለብርሃን ይይዛል፣
ከዚያ «አንቺ ክፈቺው» ብሎ እኔን ያዛል።
ስንቱን የጋዝ ሂሳብ፣ የባንክ ወረቀት፣
ጠርጥሮ ጠርጥሮ አስከፍሎናል ቅጣት።
«ያልጠረጠረ» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣
«ያልጠረጠረ ሰው ቀረ ተመንጥሮ!»

ፋርጎ ነው ያለነው። ሚያዝያ ገባ ተብሎ፣
በረዶው ግን ከደጅ አልሄደም ጠቅልሎ።
ካዳር ሥራ ስመለስ፣ ደረጃውን ስወጣ፣
ከበሩ ስንጥቅ የባሌ ዓይን ብቻ ወጣ።
«ትርንጎ! እንዳትነኪው! እንዳትተነፍሺ!
ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሽሺ!»

ከበራችን ሥር አንድ ካርቶን ተቀምጧል፤
ጎንና ጎኑ ላይ በሚስማር ተበስቷል፤
የላኪም የተቀባይም ስም በረዶ አጥቦታል።
«ዝዝዝ» ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል፤
እንዳሮጌ ፍሪጅ ለራሱ ያወራል።
ከላዩ አንድ ጽሑፍ ቀይ ነው፣ ጉልህ ነው፤
«ላይቭ» ይላል በቃ፤ ቀሪው የተቀደደው።

እኔ «ላይቭ» የማውቀው በስልክ ነው፣ ቅዳሜ፣
ሲተላለፍልኝ ሰርጉ የወንድሜ።
ወንዴ ግን ወታደር ነበር በጉብዝናው፤
«ላይቭ» ማለት ለእሱ የምሩ ጥይት ነው።
ኋላም በኤሌክትሪክ ስንት ዓመት ሲሠራ፣
«ላይቭ» የሚሉት ሽቦ አሳይቶታል መከራ።
እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በሁለቱም ሙያው
«ላይቭ» የተባለ ሁሉ ሞት ነው ትርጓሜው።

«ማን ነው የላከብን?» ብሎ ጠላት ቆጠረ፤
ከዕቁቡ ዳኛ፣ ከጌታነህ ጀመረ፤
ዕጣ ሲያወጣ ያኔ ሌባ ብሎት ነበረ።
ከዚያ የቀድሞ እጮኛዬን ስም አነሣ።
ሰውዬው ካልጋሪ ሦስት ወልዶ፣ ጠጉሩን ጨርሶ፣
እኔን እርግፍ አድርጎ ከረሳ
አስራ ሰባት ዓመቱ!

ዘጠኝ አንድ አንድ ደወለ።
«ቦክስ» አለ፣ «ላይቭ» አለ፣ «ቡም» አለ በቃ፤
ሰሚዋ እስኪገባት መንደሩ ነቃ።
ሦስት መኪና ደረሰ፤ ሕንፃው ተለቀቀ፤
ሰው በሌሊት ልብሱ በረዶ ላይ ደረቀ፤
አርባ ሰው፣ ሁለት ውሻ፣ ድመት ከነቤቷ፣
አንዲት ልጅ ከነቡሩሿ፣ አረፋው ካንገቷ።
አንድ ሮቦት ወረደ ክንዱን እየዘረጋ፤
ደረጃችን ሥር ሲደርስ አቅሙ ተናጋ።
ፖሊሶቹ ተያዩ። ሮቦቱም አያቸው።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ከሕዝቡ መካከል፣
ሚስተር ሃልቨርሰን፣ በላስቲክ ቡትስ፣ እግሩ እንደ ሽመል፣
«ሳጥኑ» አለ ለፖሊሱ፣ «ይጮኻል፣ አይደል?»
«አዎ።»
«ቀዳዳም አለው?»
«አዎ።»
«እንግዲያው የኔ ናቸው፤ ሦስት ቀን ጠበቅኳቸው።
አስር ሺህ ይሆናሉ።»
ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።
«ንቦች ናቸው፤ ንግሥቷም አብራ አለች» አለ።

የኛ በር አስራ ሁለት፣ የሱ ሃያ አንድ ነው፤
ፖስተኛው ገልብጦ ነው ቁጥሩን ያነበበው።

ሳቁ ከዳር ዳር ሄደ። ውሾቹም ጮኹበት።
ወንዴ ጃኬቱን ቆለፈ፤ ወታደርነቱ መጣበት፤
«እኔ አወርደዋለሁ!» ብሎ ሽቅብ ገሠገሠ፣
ካርቶኑን እንደ ጽላት ታቅፎ ተመለሰ፤
ሽማግሌው እጅ ላይ በክብር ሲያስረክብ፣
ከአንዷ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች አንዲት ንብ።
ከአርባ ሰው መሃል መርጣ አገኘችው፣
በዚያች በሚቀስራት ጣቱ ነደፈችው።

ማታ በረዶ ይዤ ጣቱን እያሸሁ፣
ሳቄን ውጬ ውጬ አንድ ነገር አልሁ፦
«ያልጠረጠረማ ይመነጠር ነበር፤
ለጠረጠረውስ የለም ወይ ምስክር?»
መልስ አልሰጠኝም። ጣቱ ግን አብጣ፣
እንደ ቲማቲም ቀልታ፣ እኔኑ ታፈጣለች።

ነሐሴ ላይ ደግሞ በራችን ሥር አገኘን
አንድ ጠርሙስ ማር፣ ወርቃማ፣ ክዳኑ የታሰረ፤
«ለጎረቤቴ፣ ለጀግናው» የሚል የተጻፈበት።
ወንዴ ዞረው። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።
አነሣው፤ አሸተተው፤ ለብርሃን ያዘው፤
ማንኪያ ፈልጎ መጣ፣ ከዚያ ዞር አለና፣
«አንቺ ቅመሺው።»