ሁለተኛው አልበም

ፍላሹን ላከልኝ በወረቀት ጠቅልሎ፣
«ስማውና ስደበኝ» የምትል ቃል ጥሎ።
የላከው ሸዋንግዛው ነው፣ ጊታር መቺያችን፣
ከጠባሴ፣ ከሱፍ መጋዘን፣ ከድሮ ቤታችን።

አራት ነበርን ያኔ፤ ስማችን «አመዳይ»፣
ጩኸታችን የሚሰማ ከበሬሳ ወንዝ በላይ።
ልኬለሽ ኦርጋኑን በክርኗ ስትጫነው፣
ዘውገ በቤዝ ጊታሩ ወለሉን ሲያምሰው፣
የሸዋንግዛው ፔዳል አንዷን ኖታ አኝኮ፣
ሰባት አርጎ ሲተፋት በገደል ማሚቶ ልኮ፣
የመንዝ ባና ሰቅለን በአራቱም ግድግዳ፣
ጎረቤት እንዳይከስ፣ ጆሮም እንዳይጎዳ፣
ጠጉሩ ቆሞ ባናው አብሮን ሲንቀጠቀጥ፣
በጉ ገና በሕይወት ያለ ይመስል የሚሮጥ፤
እኔ ነበርኩ ከኋላ፣ ሁለት ዱላ ይዤ፣
እንደ ብርድ ልብስ ማሽን ሳልቆም ተያይዤ።

የመጀመሪያው አልበም፣ «ጉም ሲያስነጥሰው»፣
አንዳንዱ ሰው ጨፈረ፣ አንዳንዱን አመመው።
የዘውገ እናት ሰምተው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ፣
«ልጄ፣ ይሄን ነገር ሐኪም አያየውም ወይ?»

ከዚያ እኔ አገባሁ። አይሱዙ ገዛሁ በብድር፣
ሽንኩርት ከሸዋ ሮቢት፣ ሽቅብ፣ ወደ ብርድ አገር።
ልምምድ ደጋግሜ ቀረሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት፣
ማንም አላባረረኝ። ዝም ብሎ ነው ያለቀ፣ እንደ ክብሪት።

ዛሬ ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁና፣
ፍላሹን ሰካሁት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ገና።
የለመድኩት ጩኸት አሁን መጣ ብዬ፣
አንድ እጄን መሪው ላይ፣ አንዱን ጭኔ ላይ ጥዬ።

ምንም።

ከዚያ ትንፋሽ። የልኬለሽ መሰለኝ።
ከዚያ የጊታር ክር፣ ያለ ፔዳል፣ ራቁት፣
ጭረቱ ሳይቀር ይሰማል፣ ጣት ሲነካ ብረት።
ኖታዋ አትባዛም፤ አንዴ ትወድቃለች፣
ባና ላይ እንደ ወደቀች መርፌ፣ ጠፍታ ትቀራለች።
ሦስተኛው ዘፈን ላይ መቀስ አለ፣ በግ ሲሸለት፣
በጉ እንኳ አይጮህም፤ ይተነፍሳል በትዕግሥት።

ድራም የለም።
አራተኛው ላይም። አምስተኛው ላይም።
ሌላ መቺ ቢቀጥሩ እቀና ነበረ፣
ቅናት እንኳ ወግ አለው። ቦታዬ ግን እንዳለ ቀረ፤
ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር፣
ባዶው ተቀዳ፣ እንደነበረ።

ተናደድኩ፣ ታጠፍኩኝ። (መንገዱም ይታጠፋል።)
ጣርማ በር አቀበት ላይ ሰው እንዴት ይናደዳል?
ሁለተኛ ማርሽ። ጉሙ እየወረደ፣
ሽንኩርቱ ከኋላዬ በጆንያ እየተንጋደደ።

ስድስተኛው ዘፈን ሲገባ፣ ዋሻው ገባሁ እኔም፤
ይሄን አስቦ አይሆንም። ቢሆንስ? አላውቅም።
ጠብታ። ከዋሻው ጣራ? ከስፒከሩ? የቱ?
ጠብ… ጠብ… ወጣ ገባ፣ የማይስተካከል ምቱ።
ቀኝ እጄ ሳላዘው ጭኔን መታ መታ ጀመር፣
አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ እንደ ጀማሪ ሲያፍር።
ከፊቴ የመጣ ባስ ጥሩምባ ነፋ፣ ረጅም፣
እኔም መለስኩለት።
«ሁላችን አንድ ባንድ ነን» ልል ነበር፤ አልልም፤
ልኬለሽ ብትሰማ ትስቅብኛለች በጣም።

ጫፉ ላይ ወጥቼ ጥግ ይዤ ቆምኩና፣
«ስድብ አጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት እንደገና።
«ድራም ያንሰዋል» አልኩ። ይሄንንም አጠፋሁ።
ጉሙ መስታወቴን ሲሸፍነው አየሁ።

«ስድስተኛው ላይ» አልኩት፣ «ጠብታዋ ትቀድማለች፣
ሦስተኛዋ ጠብታ፣ በግማሽ ምት አምልጣለች።»
ላክሁ።
ማርሽ አስገባሁ።