ጳጉሜን ስድስት፣ ሻርጃ

ሮላ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ስድስት አልጋ ባንድ ክፍል፤
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ የስክሪኔን ብርሃን ልከልል፤
ሽኩር ፈረቃው አሥር ሰዓት ነው፣ እንቅልፉን አልነጥቅም።
ኤሲው ያጉረመርማል፤ እሱ እንደኔ አይደክምም።

ኮድ እንዲፈትን የሠራሁት ቦት፣ የደጃችን ዘበኛ፣
ዛሬ በወርቅያንሳት ላይ ሆነ ክፉ ዳኛ።
ከይርጋለም የላከችውን ሦስቴ መለሰባት፤
«ስህተት» አለ፤ የቱ ጋ እንደሆን አልነገራት።
«ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ» ብላ ጻፈች።

መስመር በመስመር አየሁት፤ ልጅቷ አልሳተች።
የቀን መቁጠሪያዋ ልክ ነው፤ ቦቱ ነው ያልገባው፣
ጳጉሜን ስድስት ሲደርስ ሌባ የሚመስለው።
እውነተኛው ጅብ ትናንት ሲገባ ግን ተኝቶ ነበር።

ማን አስተማረው? እኔ።
እኔም ባለፈው ወር፣ መስኮቱ ላይ፣ የኢቃማ ወረቀቴን
መልሰው ሲሰጡኝ «ቡክራ» ብቻ፤ አላወቅሁም ጥፋቴን።

እና ጻፍኩለት፦ ስትመልስ መስመሩን አሳይ፤
ምን ጠብቀህ ምን እንዳገኘህ በሰው ቋንቋ አስረዳ፤
ጥፋቱ ያንተም ሊሆን ይችላልና
ሁለቴ ሳትፈትን አትጩህ በእንግዳ።

የሽኩር ስልክ አቃጨለ። ብርድ ልብሱ ውስጥ አረንጓዴ በራ።
የወርቅያንሳት ሥራ አለፈ።
የኔ ወረቀት፣ ቡክራ።