ተራ ቁጥር ሰባት

ከወረዳው ቢሮ አንድ ቅጽ መጣልኝ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ «ቶሎ ሙላ» የሚለኝ።
«በአካባቢው ያለ የሚጎበኝ ስፍራ፣
ርቀቱ፣ ከፍታው፣ በዝርዝር ይሠራ።»
«የአስጎብኚው ስም፦» ሸዋንግዛው ይፍሩ።
«የአገልግሎት ዘመን፦» አሥራ አንድ ክረምት፣ በእግሬ ነው ቁጥሩ።

አንድ፦ ጓሳ አልኩኝ። ሣር ነው፣ ግን ሣር አይባል፣
ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመዳል፣
ዝናብ የሚመልስ ጌሳ ይሠራበታል።
በቀሮው ዘመን፣ አባቶች ሲጠብቁት፣
ማጭድ ሳይነካው ነው ዓመታት የሚያልፉት።

ሁለት፦ ጭላዳ አልኩ። ማልዶ ለተነሣ፣
ከገደሉ ወጥቶ፣ ብርዱን እስኪረሳ፣
ፀሐይ ሲሞቅ ያያል ደረቱን አቅልቶ፣
እንደ እድርተኛ በረድፍ ተጎልቶ።

ሦስት፦ ጅብራ። አራት፦ የገደሉ ጫፍ፣
አፋር ቆላው ድረስ ዐይን የሚያሳርፍ፣
ደመና ከእግር በታች ተኝቶ ሲያንኮራፍ።

አምስት ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘብኝ፤
«ቀይ ቀበሮ» ልል ስል፣ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ በበልግ ዝናብ ሰሞን፣
አምና የቀረብን ዘንቦ ደስ ሲለን።
ከላምበረት ሌሊት የተነሣው መኪና፣
ጣርማበር ተገንጥሎ፣ በመዘዞ ጎዳና፣
መሐል ሜዳ ጣላት።
ሩሐማ ትባላለች፣ ባንክ ነው የምትሠራ፣
ከዐይኗ መነጽር ላይ አቅራቢ መነጽር ደርባ፣
ገና ከመውረዷ ጋራውን የምትጠራ።

«ሦስት ቀን አለኝ» አለች፣ «ቀበሮ ልታሳየኝ።»
ቀበሮ እንደ ላም ነው እንዴ፣ ተጎትቶ የሚመጣልኝ?
«እንሞክራለን» አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን፦ የፍልፈል አፈር፣
ትኩስ ዱካ ብቻ ከጭቃው ዳር።
ሁለተኛው ቀን፦ ከሩቅ ጩኸት ሰማን፣
«እሱ ነው?» አለችኝ።
የጋሽ ደምሰው ውሻ ነበር። ዝም አልን።

ሦስተኛው ቀን ጉም መጣ።
መጣ ማለት ያንሳል፤ አገሩን ዋጠና፣
እጇን ብትዘረጋ ጣቷን አጣችና፣
ሳቀች፦ «ሸዋንግዛው፣ ይኼም ይጎበኛል?»
«ይጎበኛል» አልኩኝ፣ «ግን ያስከፍላል፤
ካልሲሽን ያረጥባል።»

ጉልበቷን ያመማት፣ አንደበቷ ሹል፣
እታገኘሁ ቤት ገባን፣ ከበግ ፀጉር ቁልል።
ካልሲው ከኩበቱ እሳት ዳር ተሰጣ።
«እጅሽ ሥራ ፈታ» ብላ፣ ሳትጠይቃት፣
እንዝርቱን ለባንከኛዋ አቀበለቻት።

ክሩ ተበጠሰ። ደግማ፣ ተበጠሰ።
በአሥረኛው፣ እንደ ሰካራም እየተላወሰ፣
እዚህ ወፍሮ፣ እዚያ ቀጥኖ፣ ክንድ ያህል ደረሰ።
እታገኘሁ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፦
«ይኼ ባና ቢሆን፣ በጉን ራሱን ይበርደዋል።»
ቆሎ እየቆረጠምን ስንስቅ፣ ለካ መሽቷል።

በማግስቱ ሄደች፣ ክሩን በአንጓዋ አስራ።
በእንግዶች መዝገብ ላይ ጽፋለች በአጭር ተራ፦
«ቀበሮ አላየሁም።»
ከዚያ ጥቂት ባዶ። ከዚያ፦
«ክር ግን ፈተልኩ። ስመለስ ባና ልሥራ።»

መኪናው ኮረብታውን ዞረ። ጉሙም ተገለጠ።
እኔም በእግሬ ስመለስ፣ እውነቴን ነው፣ ከሣሩ መሐል፣
ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ጆሮውን አቅንቶ፣
ቀዩ ቀበሮ ቆሞ ዐይኑን አፈጠጠ።
ተናደድኩ። «ሰዓት አታውቅም ወይ?» አልኩት።
ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ተውኩት።

እና ቅጹን ሞላሁ።
አምስት፦ ቀይ ቀበሮ፣ ደስ ባለው ጊዜ።
ስድስት፦ የእታገኘሁ ቤት። ርቀት፦ ዝናብ እስኪያባራ።
ሰባት፦ ጉም። ከፍታ፦ እስከ አፍንጫ።
ፈርሜ ላክሁት፣ ከመሐል ሜዳ በሚሄድ አይሱዙ።

ትናንት ተመለሰ።
ቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ ተሠምሮ፣
«ተራ ቁጥር ሰባት አልተሟላም፤ የመግቢያው ዋጋ ስንት ነው?» ተብሎ።

ቢጨንቀኝ እታገኘሁ ጋ ሄድኩ፣ አነበብኩላት።
እንዝርቷን ሳታቆም፣ ቀና ሳትል አንገቷን፣
«አንድ ጥንድ ካልሲ በላቸው» አለችኝ።

ጻፍኩት።