ለካ

ሥራዬ መለካት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ለካሁ፤
በምዕራብ ካንሳስ፣ ከስንዴ በቀር የቆመ በማይታይበት፣
በኪራይ መኪና፣ በቀዘቀዘ ሳንድዊች፣ ከመንደር መንደር ነዳሁ፤
ኳስ ወርዋሪ ልጅ ፍለጋ፣ ኳርተርባክ የሚሉትን፣
ከበው ሊጥሉት ሲንደረደሩ እግሩ የማይከዳውን።

አንድ ሐሙስ ኮልቢ ሪደል የሚባል ልጅ አሳዩኝ።
ትምህርት ቤቱ ትንሽ ናት፣ ለአሥራ አንድ ሰው አቅም የላት፤
በስምንት ይጫወታሉ። አንዷ ተከላካይ፣ እረፍት ሲሆን፣
የራስ ቁሯን ሣር ላይ ጥላ፣ ከነጭቃዋ ከበሮ ትመታለች።

ግድግዳ አስደግፌ ጫማውን አስወለቅኩት፤
አምስት ጫማ ከዘጠኝ። ደግሜ ለካሁት።
ያው ነው። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል፤
ከልጁ ሁሉ ያቺ ቀዳዳ ብቻ ትዝ ትለኛለች።
በደብተሬ ጻፍኩ፦ "ክንዱ ደህና። ቁመቱ ያጥራል። ይለፍ።"
"ይለፍ" በእኛ ቤት በር ይከፈትለት ማለት አይደለም፤
ይታለፍ ነው።

እናቱ ዶሊን በጭነት መኪናዋ ጀርባ ላይ ቆማ
ጨዋታውን ሁሉ ቀርጻ ልካልን ነበር።
ኳሷ ከእጁ በወጣች ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤
ትንፋሿ ይሰማል፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ የመኪና ጥሩምባ።
ሦስት ደቂቃ አይቼ አጠፋሁት። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ለአሥራ አራት ኮሌጅ ጻፈ አሉ፤ አንዱ መለሰለት፣
"ውድ ኬልቪን" ብሎ።

በራሱ ገንዘብ ገባ፤ ሌሊት ጎተራ ጠራጊ፣
ቀን ልምምድ ላይ ጥላ፣ የሰው ኮቴ ፈላጊ።
ሥራው ይህ ነበር፦ ቅዳሜ የሚመጣውን ባላጋራ መምሰል፣
የዚያን ሰው ቁጥር ለብሶ፣ እንደዚያ ሰው መሮጥ፣ እንደዚያ ሰው መሳሳት፣
የገዛ ጓደኞቹ መጣሉን እንዲለምዱ፣ በእሱ ላይ መለማመጃ መሆን።
አንድ ሳምንት ግራኝ ነው፣ አንድ ሳምንት ፈርጣጭ፤
አንድ ሳምንት ደግሞ
እኔ የመረጥኩት፣ ያ ስድስት ከአራቱ ልጄ።
ሦስት ዓመት በሰው ስም ሲወድቅ ኖረ።

በኅዳር መጨረሻ፣ ዝናብና በረዶ ተደባልቀው ሲወርዱ፣
የመጀመሪያው ወርዋሪ ትከሻው ተሰበረ፤
ሁለተኛው ጉልበቱን አቅፎ በቃሬዛ ወጣ።
አሰልጣኙ ዞሮ አየ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ቀረ።

እኔ በማዶው ረድፍ ነኝ፤ የመጣሁት ረጅሙን ልጄን ላይ ነው።

ከፊቱ የተደረደሩት ግዙፎች ግንብ ናቸው፤
በላያቸው ማየት አይችል። አልሞከረም።
አጭር ሰው የግንብ አናት አያውቅም፣
ስንጥቁን ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል።
በሁለት ብብት መሃል፣ መዳፍ በማታስገባ ክፍተት፣
ኳሷን አሾለካት።
ደግሞ አሾለካት።

ለካ!
ቃሏ ሳላስባት ከአፌ ወጣች።
ሃያ ሁለት ዓመት "ለካ!" ሲሉኝ ሜትሬን የዘረጋሁ ሰው፣
ለካ መለካት ሌላ ነው፣
ለካ ማየት ሌላ ነው።
አጠገቤ ያለው ሰውዬ "ምን አልክ?" አለኝ። "ብርዱን ነው" አልኩት።

ተሸነፉ፣ በሦስት ነጥብ።
የመጨረሻዋ ኳስ የተቀባዩን ጣት ነክታ ጭቃ ላይ ወደቀች፤
ኮልቢ ሄዶ አነሳት፣ በእጅጌው ጠረጋት፣ ለዳኛው ሰጠ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ያቺው ጭነት መኪና፣ ያቺው ዶሊን፣
ከትልቅ ፔርሙስ ሾርባ ለአላፊ አግዳሚው ትቀዳለች።
"የማን አባት ነህ?" አለችኝ ኩባያ እያቀበለች።
"የማንም።"
"አይ! የኔን ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ አይተኸው ቢሆን ኖሮ!"

ኩባያውን ከአፌ ሳላነሳ ቆየሁ።
ጨው በዝቶበታል።
ሁሉንም ጠጣሁት።