ጉዳዩ፦ ለወላጆች ስለማሳወቅ

ለወላጆች በሙሉ፣ በያላችሁበት ቦታ፤
ከየጁቤ ትምህርት ቤት፣ ኅዳር ስድስት ማታ።

፩ኛ፣ ቧንቧው ተጠግኗል፤ ውሃ መውረድ ጀምሯል፤
ሰኞ ዕለት ዝገት ነበር፣ ዛሬ ግን ጠርቷል።
ልጆች ከእንግዲህ ጀሪካን እንዳይሸከሙ፤
ዘጠኙ፣ ክዳን አልባዎቹ፣ ቢሮዬ ውስጥ ከረሙ።

፪ኛ፣ የሆድ ትላትል ክኒን ሐሙስ ጧት ይታደላል፤
ቁርስ አብሉና ላኩ፤ በባዶ ሆድ ያዞራል፣ ይጥላል።

፫ኛ፣ የመረብ ኳስ ቡድናችን ሉማሜ ላይ ተሸነፈ።
ዳኛውን አንውቀስ፤
ኳሱ የእኛ፣ መረቡ የእኛ፣
ቁመት ብቻ ነው እነሱ ጋ ያረፈ።

፬ኛ፣ የተዋሳችኋቸው አሥራ አንድ መጻሕፍት
አልተመለሱም። የአንዱን ገጽ አይቼዋለሁ፣
በርበሬ ተጠቅልሎበት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሱቅ ፊት።

፭ኛ፣ ምገባው ቀጥሏል። ቅንጬ ነው፤ ዘይቱ አነሰ።
ማገዶ ያዋጣ ወላጅ ይመስገን፤ ያላዋጣም አልተወቀሰ።

፮ኛ፣ ለስምንተኛ ክፍል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ማጠናከሪያ
አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እባካችሁ፣ ቀኑን የገበያ መላኪያ
አታድርጉት።

ማኅተም። ፊርማ። ቲተር።

ቤት ሲደርስ ማን እንደሚያነበው አላጣሁት፤
ለዚያው ልጅ ነው የሰጠሁት።
አንማው፣ ከጀርባው በእጄ የጻፍኳት
«ሦስት ቀን ቀርቷል» ላይ ሲደርስ፣ ሳል ይይዘዋል፤
ሳሉ ሲለቀው፣ መስመሯን ይዟት ሄዷል።
የሽታዬ ልጅ ደግሞ «መዋጮ» የምትል ቃል
ካገኘ አበቃ፤ ሃምሳውን መቶ ይለዋል።
ምን ልበል? ፊደሉን ያስቆጠርኳቸው እኔው ነኝ፤
ልቆጣ ስነሳ፣ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ።

አምና ነው። ጥር ሲገባ አቶ ይግዛው ቢሮዬ መጣ፤
ዱላውን በር ላይ አቁሞ፣ ቁጣውን ገና ሳያወጣ
ተቀመጠ።
«መምህር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል።
ስድስቱን ተቀብያለሁ። ሰባተኛው ግን ከብዶኛል።»

እኔ የጻፍኩት ስድስት ነው፤
ስድስት፣ በጣቴ ብቆጥረው፣ ብደግመው።

«ሰርጉ ለጥር ሃያ ተቆርጧል፤ ጌሾው ተወቅጧል፤
‹ስምንተኛን ሳትጨርስ አትዳርም› ብሎ ወረቀትዎ ይቆጣል።»

ከኮቱ ኪስ አወጣው፣ በአራት ታጥፎ፣ ጠርዙ ወዝቶ።
«ልጅ አፍ ይስታል፤ እርስዎ ያንብቡልኝ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

አየሁት። ፮ኛ አለ። ከሥሩ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቲተር።
በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ነጭ፤
ሌላ ነገር አልነበር።

በመስኮቱ ጥላነሽ ትታየኛለች፣ የሰሌዳ ማጥፊያ ይዛ፤
ጠመኔው ካለቀም በኋላ ታራግፈዋለች፣ ተክዛ።

ጣቴን ነጩ ላይ አሳረፍኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ሰባተኛ» ብዬ ጀመርኩ፤ ልጅቱ ካለችውም ትንሽ ጨመርሁ፦
ስምንተኛን ያልጨረሰች ልጅ እንዳትዳር፤
ዘጠነኛ እስክትገባም ወላጅ ይታገሥ፣ በማክበር።

ዝም አለ። ጣቴን አየ። ከጣቴ ሥር ያለውን አየ።
ብዙ ቆየ።
ፊደል ያልቆጠረ ዓይንም ጥቁሩን ከነጭ ይለያል።
«እንግዲህ» አለ፣ «ወረቀቱ ካለ፣ ምን ይባላል?»
መልሶ በአራት አጠፈው፣
ከኮቱ ኪስ፣ ልቡ ጋ፣ አሳደረው።

ዛሬ ኅዳር ስድስት ነው። ማባዣው ቀለም ጨርሷል።
ጥላነሽ ዘጠነኛ ገብታለች፤
ቤት የማንበቡ ተራ ለታናሿ ደርሷል።
እኔም፣ ከስድስተኛው በታች፣ ከማኅተሙ በላይ፣
ሁለት ጣት ነጭ እተዋለሁ፣
ለምታነብ ልጅ፣ ለምታይ።